የታጨደው አክርማ

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ቀራንዮ ካለው ቤታችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ግንባታ ሲጀመር፣ የዱር አክርማውን ከነሥሩ ነቅለው፣ ሥሩን ከፋፍለው ጓሯችን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሰፌድ የሚሰፉት በዚያ ሣር ነበር። ማጭድ ይዤ ካዩኝ "አክርማ አይታጨድም፣ አንድ በአንድ ይመዘዛል" ይሉኝ ነበር። ሲመዘዝ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው።

ክረምቱ ሲገባ አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ጠዋት "እስቲ አክርማ መዝዘሽ አምጪልኝ፤ የጀመርኩትን ሰፌድ ልጨርስ" አሉኝ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር አንድ እፍኝ በቢላዋ ቆርጬ ሰጠኋቸው። የተቆረጠውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱት።

"ቸኩለሻል፣ ልጄ" አሉኝ።

"ማታ በደንብ አመጣልዎታለሁ፣ እትዬ" ብዬ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ አርፈው ነበር፤ አክርማው ደረታቸው ላይ እንዳለ።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ከጓሮ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም። ዝም ብዬ መመለስ ስለማልችል ተንበርክኬ፣ ፀሐይ እስክትወጣ አንድ በአንድ እመዛለሁ። የመዘዝኩትን አልጋቸው ላይ እደረድረዋለሁ። አልጋው ሞልቷል። እኔ ግን ስፌት አላውቅም።