አውደልዳዩ ሰውዬ

በሰፈራችን ማውደልደል የስድብ ቃል ነው። ሥራ ፈትቶ ከመንገድ መንገድ የሚዞር ሁሉ አውደልዳይ ይባላል፤ እናትም ልጇን «ስታውደለድል ዋልክ?» ብላ ትቆጣበታለች። ይህ ስም ከማንም በላይ የወጣላቸው ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። የተተኮሰ ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን አሳምረው ጠርገው ሲዞሩ ይውላሉ። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ቆም ብለው ግራና ቀኝ ያያሉ።

እናቴን የመርሳት ሕመም ካገኛት ወዲህ በሩን እንቆልፋለን። ባለፈው ሳምንት ግን ልብስ ሳሰጣ ወጥታ ጠፋች። «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ገበያውን ሁሉ አስሼ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ የሽማግሌውን ክንድ ይዛ ስትመጣ አየኋት።

«ይሄ ሰውዬ መንገድ ጠፍቶት አገኘሁት፤ ውሃ ስጪው» አለችኝ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እውነታቸውን ነው ልጄ፤ እሳቸው ባይደርሱልኝ የት እገባ ነበር?» አሉ።

እናቴ ኮራ ብላ ገባች። እኔም ውሃውን አምጥቼ፣ «አባባ፣ ከየት አገኟት?» አልኳቸው።

«ከአውቶቡስ ማቆሚያው። መንገድ የጠፋው ሰው እዚያ አረፍ ይላል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለቤቴም እንዲህ በር ከፍታ ትወጣ ነበር። ያኔ እኔ ሥራ ይበዛብኝ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ደንግጠው ቀና አደረጉኝ።

«ኧረ ተይ! ይልቅ ግቢ ልጄ፣ ብቻቸውን አይሁኑ።»