የአይሊፍን ሀብት ማን አየው

ሃልስታይን ብሩቮል አንድ ነገር ሳይገባው መተው አይችልም። ወሽመጡን የምታሻግረን የመኪና መርከብ ላይ መካኒክ ነው፤ ጉልምስናውን በሙሉ ያሳለፈው ከወለሉ በታች፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። ሞተሩ ያለወትሮው አንድ ድምፅ ካሰማ፣ መርከቧ ደኅና ብትሄድም እንኳ፣ ምክንያቱን ሳያገኝ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ክሪፕቶ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ እኛ ዘንድ ሲደርስም እንዲሁ ሆነ። ሌላው ሰው ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ሲል እሱ ለመሆኑ እንዴት ነው የሚሠራው ብሎ ተነሣ። ብርዱን በሙሉ ሲያነብ ከረመና አንድ ቀን የቻት ግሩፓችን ላይ ማስረዳት ጀመረ። አጋዘን አድነን ሥጋውን ስንከፋፈል ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን እናያለን አይደል፣ አለን። ጭኑ ለማን፣ ጎድኑ ለማን እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። በኋላ አንዱ ተነሥቶ ጭኑ የእኔ ነበር ቢል የአደኑ ቡድን በሙሉ ይስቅበታል። እሱ ነው እንግዲህ፤ በአዳኞቹ ቦታ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ቆመዋል ብላችሁ አስቡት። እኔ በበኩሌ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ይህን በጻፈ ጊዜ ከመደሰቱ የተነሣ ቃላቱ ሁሉ ፊደል ይጎድላቸው ነበር።

የግሩፓችን ስም "ሰርዲኖች" ነው። በዚህ ንግድ ገበያውን ሊያናውጥ የሚችል ገንዘብ ያለውን ሰው ዓሣ ነባሪ ይሉታል፤ እኛ ግን ልካችንን ስለምናውቅ ሰርዲኖች አልን። አብዛኞቻችን ትንሽ ገንዘብ እንደ ሎተሪ አስገብተናል፤ አንዳንዶቻችን ምንም አላስገባንም። ዋናው ወሬው ነው። የትኛው ኮይን ወጣ፣ የትኛው ወረደ፣ ሳልሞን እያረባ የከበረው ባለሀብት ግብር ሸሽቶ ስዊዘርላንድ ገባ፣ ሚስቱ አብራው ሄደች ወይስ ቀረች። አንድ ጊዜ አንድ ዝነኛ ሀብታም ጠዋት ጠዋት በረዶ ውሃ ውስጥ እንደሚነከር ተነበበና ይህ ከሀብቱ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን ተብሎ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ክርክሩን የዘጋው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር፦ "እኔ ከነመረቡ ስንት ጊዜ ገብቻለሁ፤ የተረፈኝ ሪህ ነው።"

የግሩፑ ድምቀት አይሊፍ ነበር። አይሊፍ አናጢ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ከሃልስታይን ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ማንም ሳይገዛ በፊት አንድ ኮይን ገዝቶ ነበርና የዋጋው መስመር ሽቅብ ሲወጣ ሥዕሉን እያነሣ ይልክልን ነበር። ቀጥሎ ትልቅ ሞተር ያለው ነጭ ጀልባ ገዛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ቀረና "ዓሣ ነባሪው" ተባለ። ምክር የሚጠይቀው በዛ፤ እሱም አይነፍግም ነበር።

ያን ዓመት ቀኑ ማጠር ሲጀምር አይሊፍ ስለ አንድ አዲስ ኮይን መጻፍ አበዛ። አዲስ ዓመት ሳይገባ የገዛ አይቆጨውም፣ አለ። ሃልስታይን እስከዚያ ድረስ አስረጂ እንጂ ገዢ ሆኖ አያውቅም። ያኔ ግን ጉልበቱ ከዳው። ወደ ሞተሩ ክፍል የሚወርደው ደረጃ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው፤ ሲወርድ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሲወጣ ይቆማል። ጡረታው ገና ነው። ሊሸጠው የሚችለው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቱ ውሃው ዳር በእጁ የሠራው ቀይ የጀልባ ቤት። አንድ የኦስሎ ሰው አይቶት ወድዶታል፤ ግድግዳውን በመስታወት ለውጦ የበጋ ማረፊያ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ መልሱንም እስከ ገና ድረስ እጠብቃለሁ ብሏል። የጀልባ ቤቱ ዋጋ አይሊፍ ባለው ኮይን ላይ ቢውልና ኮይኑ አይሊፍ እንዳለው ቢሆን፣ ከመሰላሉ ይገላገላል። ባይሆን የአባቱ የጀልባ ቤት ሄዶ ይቀራል፤ መሰላሉም እንዳለ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሆነ። አይሊፍ በእርግጥ አግኝቷል?

ለምን አይጠይቀውም ትሉ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰውን ስለ ቀዶ ሕክምናው ትጠይቀዋለህ፤ ሚስቱ ለምን እንደፈታችው ከደፈርክ ትጠይቀዋለህ፤ ስንት አለህ ግን አይባልም። በሌላ በኩል መጠየቅም አያስፈልግም፤ መንግሥት ይነግርሃል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ገብተህ የፈለግከውን ሰው ስም ብትጽፍ የዓመት ገቢውና ሀብቱ ይወጣልሃል። ድሮ ይህ የአገሩ መዝናኛ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ሠራተኛ አለቃውን፣ አማች አማቹን ያይ ነበር። በኋላ ሕጉ ላይ ትንሽ ነገር ተጨመረች፦ የታየው ሰው ማን እንዳየው ስሙን ያገኛል። ያቺ ትንሽ ነገር አገሩን በአንድ ጊዜ ጨዋ አደረገችው። ማየት የሚፈልግ ሰው አሁንም አይጠፋም፤ ግን ሌላ ሰው እንዲያይለት ይልካል። ከሚታየው ሰው ጋር የማይተዋወቅ ሰው ይፈለግና "እስቲ አንድ ስም ፈልግልኝ" ይባላል።

ሃልስታይን ጉንቮርን አሰበ። ጉንቮር የመርከቧን ኪዮስክ የምትይዘው ሴት ናት፤ ከሰሜን መጥታ ማዶ ነው የምትኖረው፤ አይሊፍን በመልክ እንኳ አታውቀውም። ስቬለ ትጋግራለች፤ ወፍራም ለስላሳ ቂጣ ነው፣ ለሁለት ይታጠፍና ቅቤና ስኳር ወይም ቡናማ አይብ ይገባበታል፤ ያንን ሳይበላ የሚሻገር ሾፌር የለም። ምላሷም እንደ ምጣዷ ትኩስ ነው።

"አንተ ዘይት እንጂ የሰው ኪስ የምትለካ አይመስለኝም ነበር" አለችው ጉዳዩን ሲነግራት።

"ለክፋት አይደለም።"

"ለክፋትማ ቢሆን ራስህ ታየው ነበር።" እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ጥቂት ፈልጋ አነበበችለት። "ገቢ፣ የአናጢ ገቢ። ሀብት፣ ዜሮ። ይኼ ነው ዓሣ ነባሪያችሁ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ሃልስታይን ግን ወደ ሞተሩ ወርዶ ማሰብ ጀመረ። እንዲህ ነው ያሰበው፣ እንዳስረዳኝ። እዚያ ገጽ ላይ ቤት የሚቆጠረው ከገበያ ዋጋው እጅግ ባነሰ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ሙሉውን ይቀነሳል። ሃልስታይን ራሱ ቤትም የጀልባ ቤትም እያለው የቤት ብድር ስላለበት ሀብቱ ዜሮ ነው የሚለው። ሲቀጥል ቁጥሩ የአምና ነው፤ አይሊፍ ዘንድሮ ያገኘው አይታይበትም። ስለዚህ ዜሮ ማለት ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ብዙም ሊሆን ይችላል። የገዛ ጓደኛውን በስውር አሰልሎ ያወቀው ነገር አልነበረም። ገናው ግን እየቀረበ ነው።

አሁን ወደ አይሊፍ እንምጣ። አይሊፍ ምን ያውቃል? ጉንቮር የምትባል ሴት ሀብቱን እንዳየች ብቻ ያውቃል። የማያውቃት ሴት። ጠይቆ የመርከቧ ኪዮስክ ውስጥ እንደምትሠራ ደረሰበት። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ሲያገኝ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ጢሙን ተስተካከለና ማዶ ምንም ሥራ ሳይኖረው መሻገር ጀመረ። ይሻገራል፣ ከመርከቧ ሳይወርድ ይመለሳል። ኪዮስኩ አጠገብ ተቀምጦ ስቬለ ይበላል፤ ስሙንም ነግሯታል።

ጉንቮር ወደ ሞተሩ ክፍል አንገቷን አስግጋ ለሃልስታይን ትነግረዋለች። "ያ ዜሮህ ዛሬም መጣ።"

"ምን አልሽው?"

"ቅቤ ልጨምርልህ ወይ አልኩት። ምን ልበለው? ሰላይህ ነኝ ልበለው?"

ሃልስታይን መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። አይሊፍ ወደ ታች እየመጣ ሰላም ሲለው ዓይኑን ማየት አቃተው። እንዲህ ካማረበት ምናልባት ገንዘቡ እውነት ይሆናል ብሎም አሰበ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው እንዲህ ቀና ብሎ አይሄድም። ለኦስሎው ሰው እሸጣለሁ የሚል መልእክት ጻፈና ሳይልከው አስቀመጠው።

በዚያው ሰሞን አይሊፍ ግሩፑ ላይ ዝም አለ። ሰው ስለ አዲሱ ኮይን ቢጠይቀው መልስ የለም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ረጅም ነገር ጻፈ። እንዳለ ላምጣው፦

"ወገኖቼ፣ ዓሣ ነባሪ አይደለሁም። የገዛሁት ኮይን ካቻምና ወርዶ አልቋል። ጀልባው በብድር ነው፤ ልሸጠው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የጻፍኩላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። ስትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ አዲሱ ኮይን የማውቀው ነገር የለም፤ እንዳትገዙ።"

  ቀድሞ ያ ባለሪሁ ሽማግሌ ጻፈ፦ "እንኳን ወደ ሰርዲን ቆርቆሮው ተመለስክ። ጠጋ ጠጋ በሉለት።" ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም መሳቅና መጻፍ የጀመረው።

ሃልስታይን አልጻፈም። ኮቱን ለብሶ ወደ ጀልባ ቤቱ ወረደ። አይሊፍ እዚያው ነበር። የአይሊፍ አባት የድሮ የእንጨት ጀልባ፣ ነጩ ከመጣ ወዲህ የተረሳው፣ ሃልስታይን ጀልባ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ አይሊፍ አሮጌውን ቀለም እየፋቀ ነው።

ሃልስታይን ሌላ መፋቂያ አንሥቶ ከወዲያ በኩል ጀመረ። ጥቂት እንደሠሩ አይሊፍ ራሱ አወጣው። አንዲት ሴት ሀብቴን አይታ ነበር አለ። ባዶ መሆኔን እያወቀች በመጣሁ ቁጥር ቅቤ ልጨምርልህ ወይ ትለኛለች። እሷ ከቻለችው ሰርዲኖቹም ይችሉታል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሃልስታይን ዝም ማለት ይችል ነበር። ጓደኛው ተጽናንቷል፣ እሱም የጀልባ ቤቱን ሳይሸጥ ተርፏል፤ ማን ይጎዳል? ነገር ግን ሞተር ውስጥ የሚንኳኳ ነገር እየሰማ እንዳልሰማ ማለፍ የማይችል ሰው ነው።

"እንድታይ የላክኋት እኔ ነኝ" አለ። "የጀልባ ቤቱን ሸጬ አንተ ያልከውን ልገዛ ነበር። ሰግቼ ነው።"

አይሊፍ መፋቂያውን አቆመ። ዙሪያውን አየ፤ ምሰሶዎቹን፣ ጣሪያውን፣ በልጅነታቸው ስማቸውን የቀረጹበትን ሳንቃ።

"ይኼን?" አለ። "በእኔ ወሬ ይኼን ልትሸጥ?"

"ጉልበቴ…"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?"

አይሊፍ አሰበበት። "እዋሽህ ነበር" አለ።

ወደ መፋቁ ተመለሱ። የጀልባው ቀይ ቀለም እየተላጠ እግራቸው ሥር ይረግፋል። አይሊፍ ፊቱን ሳያዞር እንደገና ጠየቀ።

"ስንት ጊዜ ነው እንድታይ የላክካት?"

"አንድ ጊዜ።"

"ያዩኝ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሟ ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ዘግይቶ ነው።"

ሃልስታይን ቀና ብሎ አየው። ጢሙ በቀለም ብናኝ ቀልቷል።

ለኦስሎው ሰው የላከው መልስ አጭር ነበር፦ የጀልባ ቤቱ አይሸጥም፣ ጀልባ አለበት። ሰውየው ጀልባውን በራሴ ወጪ አስነሣዋለሁ ብሎ መለሰ፤ ለዚያ መልስ አላገኘም። ሃልስታይን አሁንም ያንን መሰላል ጥርሱን ነክሶ ይወርዳል፤ አይሊፍ ከእንጨት መደገፊያ ሠርቶ ገጥሞለታል፤ ትንሽ ይሻላል ይላል።

ስለ ሁለተኛው ጊዜ ሃልስታይን ብዙ ግምት አለው። መጀመሪያ ዜሮውን አላመነችም ይሆናል፤ ወይም በየቀኑ ስቬለ የሚገዛ ሰው እንዴት ዜሮ ይኖረዋል ብላ ይሆናል፤ ወይም… እያንዳንዱን ከነማስረጃው ሲተነትንልኝ መርከቧ ወሽመጡን ጨረሰች። ጉንቮር እኮ እዚሁ ከራስህ በላይ ያለው ወለል ላይ ናት፣ መሰላሉን ወጥተህ ለምን አትጠይቃትም አልኩት።

"አይ" አለኝ። "ይኼንን እሱ ይጠይቃት።"