ሻይ ቀጂው ደላላ

በረብሻ ጊዜ ክፉ ነገር ላዩ የሞያሌ ልጆች ማኅበር ስናቋቁም፣ ባለሱቅ ሰው ያውቃል ተብሎ የበጎ ፈቃደኞቹን ኮሚቴ የማዋቀር ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አፍ ያለውን ሁሉ መረጥኩ። የከብት ደላላው ጎረቤቴ ሊመዘገብ ሲመጣ፣

"አንተ በቀን ሦስት ቃል የማታወጣ ሰውዬ፣ ልጆቹን በምን ልታጫውታቸው ነው?" አልኩት።

"ሻይ እቀዳለሁ።"

አንዲት ልጅ ቤታቸው ከተቃጠለ ወዲህ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ምርጥ ተናጋሪዎቼ ተራ በተራ ለፈለፉባት፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ እናቷ፣ "ይብቃ፣ ካሁን በኋላ አላመጣትም" ብላ ተነሣች።

በእኛ የከብት ገበያ ዋጋ የሚነገረው በጣት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያይ ሻጭና ገዢ በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ደላላው ቴርሞሱን አስቀምጦ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለና የትከሻውን ፎጣ እጁ ላይ ጣል አደረገ።

"ፍየል አለኝ፣ የኔ እናት። ስንት ትሰጪኛለሽ?"

ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት አነሣች። ከዚያ እጇን ከፎጣው ሥር ሰደደች።

"ኧረ በሕግ! በአንድ ጣት ፍየል?" ብሎ ጮኸ።

ልጅቷ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

እናቷ ተመልሳ ተቀመጠች። "ነገ በስንት ሰዓት እንምጣ?" አለችው።

የዚያን ቀን የቀረውን ሻይ እኔ ቀዳሁ።