መወጣጫው ይፈርሳል ብሎ የነገረን የለም

ይቅርታ አድርጉልኝ። እንደኔ ያለ ሰው እስክሪብቶ ይዞ የሚቀመጥበት ጉዳይ አልነበረም። ማንበብ የጀመርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ነው፤ አሁንም አንዳንዱን ፊደል እየፈራሁት ነው የምጽፈው። ስህተት ካያችሁ በሆዳችሁ ሳቁ። ግን ስለ ባለቤቴ እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል? ቤት የሚሸጥ ሰውም ምን መናገር እንዳለበት ከዚህ ያይ ይሆናል ብዬ ነው።

ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው። መኪና ከገጨው ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ እጆቹና ምላሱ ግን ደህና ናቸው። የሰፈር ጎረምሶች «ጎማው» ይሉታል። «ጎማ ብሆንም እንደናንተ አልተነፈስኩም» ይላቸዋል። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ነው የሚሠራው፤ በዊልቸር ይሄዳል። ተከራይተን የኖርንበት ቤት ደረጃ ነበረው። ጠዋት ጠዋት እኔና ጎረቤት ተሸክመን እናወርደዋለን፣ ማታ እናወጣዋለን። «እንደ ፍሪጅ እስከ መቼ ትሸከሙኛላችሁ?» ይላል። እየሳቀ ነው የሚለው፤ አይኑ ግን አይስቅም።

ስለዚህ ያለንን ሁሉ አሟጠን ከአንድ የጋራ ሕንፃ ምድር ቤቱን ገዛን። ሻጩ ጡረተኛ ሰው ናቸው። ለታመሙት እናታቸው ብለው ከበሩ እስከ ግቢው ድረስ ደረጃ የሌለው፣ ዘቅዘቅ ያለ የሲሚንቶ መወጣጫ አሠርተው ነበር። ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን ባለቤቴ ወጥ ቤቱንም መኝታ ቤቱንም አላየም። መወጣጫውን ብቻውን ወጣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ። ማንም ሳይገፋው። በመጨረሻ ፍሬኑን ለቆ እየሳቀ ቁልቁል ሲወርድ እኔ ጮህኩ። ጡረተኛው በሩን ተደግፈው ያዩታል።

«ለአንተ ብዬ ያሠራሁት እኮ ነው የሚመስለው» አሉት።

«እድሜ ይስጥዎት ጋሼ።»

እኔም እያፈርኩ «የነዋሪዎቹ ማህበርስ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ቤተሰብ ነው። ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም።»

ገብተን ዕቃችንን ፈተን ሳንጨርስ የማህበሩ ሊቀመንበር መጣች። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። መወጣጫውን መቼ ነው የምታፈርሱት?»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። መወጣጫው ያረፈበት መሬት የነዋሪው ሁሉ ነው አለች። ለጡረተኛው የተፈቀደላቸውም እናታቸው በሕይወት እስካሉ ብቻ ነበር። እናትየው ሲሞቱ ይፍረስና መኪና ይቁምበት ተብሎ ተወሰነ፤ ጡረተኛውም በስብሰባው ላይ ነበሩ። «አልነገሯችሁም እንዴ?»

ባለቤቴ ደወለላቸው። «ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ያለ ነገር ደበቁን?»

«እኔ ቤቴን ሸጥኩ እንጂ ማህበሩን አልሸጥኩም» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ማህበሩ ጉዳያችንን እንደገና እንዲያይልን ለመንን። እሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ፤ አዳራሹ ግን ላይኛው ፎቅ ነው። ባለቤቴ «እባካችሁ ግቢው ውስጥ ይሁንልኝ» ቢል «ለአንድ ሰው ተብሎ ሁሉ አይወርድም፣ ሚስትህ ትወክልህ» አሉት። እኔ ወጣሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፤ ቢሆንም ተነሳሁ። «ያለ መወጣጫው ሥራ መሄድ አይችልም» አልኩ። ከኋላ አንዱ «ሰዓቱን ቤቱ ቁጭ ብሎም ይሠራል፣ ምን እግር ያስፈልገዋል?» አለ፤ ሳቁ። ሊቀመንበሯ «እኛ ጨካኞች አይደለንም» አለችና ይፍረስ የሚል እጁን ያውጣ አለች። ላያችን ያለችው ጎረቤታችን እጇን አነሳች። እንደገባን ሰሞን ባለቤቴ በነፃ የሠራላት ሰዓት ከእጇ አንጓ ወደ ክርኗ ሲንሸራተት አየሁት።

መቼም ቤት የምትሸጡ ሰዎች፣ ማህበሩ የከለከለውን፣ የወሰነውን፣ የትኛው መሬት የቤቱ የትኛው የጋራ እንደሆነ፣ ገዢው ባይጠይቃችሁም ተናገሩ። ገዢው የሚያየው ግድግዳ ነው። የተባለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደላላ መጣ፤ ይፍረስ ተብሎ መወሰኑን ሰምቷል። ገዢም ይዞ ነው የመጣው፤ አንድ ጎልማሳና በዊልቸር ያሉ እናቱ። ልጁ መወጣጫው ላይ ሲገፋቸው እናትየው እጃቸውን አጨበጨቡ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ሆኖ አየ። ደላላው ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ አፍዎን ብቻ ይዝጉልኝ። ነገ ጠዋት ውሉን ይፈራረማሉ፤ ከዚያ ወዲያ የራሳቸው ራስ ምታት ነው» አለው። ባለቤቴ ዊልቸሩን አዙሮ ከመስኮቱ ራቀ። እኔ ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ለምን እዋሻለሁ። ያንን ደረጃ፣ ያንን ሸክም አስቤ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ማልዶ ለባብሶ መወጣጫው ጫፍ ላይ ጠበቃቸው። ገና ከታክሲው ሲወርዱ፣

«እማማ፣ ይሄ ይፈርሳል። ማህበሩ ወስኗል። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ግን በዚህ አይወጡም አይወርዱም» አላቸው።

ደላላው ጭኑን መታ። እናትየው አቀረቀሩ። ልጁ ያመሰግናል ብዬ ስጠብቅ በባለቤቴ ላይ ጮኸበት፤

«ታዲያ ትላንት ለምን ዝም አልክ? እናቴን በከንቱ ስታስጨበጭብ አታፍርም?»

ባለቤቴ «አፍሬያለሁ» አለ። እነሱም ሄዱ።

ወዲያው ያቺ ጎረቤታችን እየሮጠች ከፎቅ ወረደች። ሰዓቷን ይዛለች።

«ውይ እንኳን ደረስኩብህ፣ ቆመብኝ እኮ!»

ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠጋው። «ትላንት እጅዎን ሲያነሱ ደንግጦ ነው እትዬ» አላት። ከዚያ ሰዓቱን ኪሱ ከቶ፣ መወጣጫው እስካሁን ስላለ በእሱ ወርዶ ወደ ሥራው ሄደ።