ቁጭ ብዬ የሮጥኩት ዳገት

ልጅ ሳለሁ፣ ከጉኑኖ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ማምሻ ላይ ተረት የምትነግረን የአባቴ አክስት እቴቴ ነበረች። እግሯ ተሰብሮ ኦቶና ሆስፒታል ከታከመች በኋላ እንደ ልቧ መራመድ ስላቃታት ከምድጃው አጠገብ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ነበር የምትውለው። ጎደሬው እስኪበስል፣ የባህር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የፍሙ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲወዛወዝ፣ ያኔ ከእሷ ድምፅ ሌላ የሚሰማን ነገር አልነበረም።

የእሷ ተረት ግን ዝም ተብሎ የሚደመጥ አልነበረም። በአንዱ ተረቷ አጋዘን መልእክት ይዞ ሲሮጥ መሐል ላይ ታቆምና «አሁን የት ደረሰ?» ብላ አንዳችንን ትጠይቃለች። «ወንዝ» ቢሏት አይበቃትም። ውሃው እስከ ምኑ ድረስ ነው? ድንጋዩስ ያንሸራትታል? የተጠየቀው ልጅ ካልታየው አጋዘኑ እዚያው ቆሞ ያድራል፤ ተረቱም ለነገ ይቀራል። ወንድሞቼ «በአንቺ ጦስ ብርድ ላይ አደረ» እያሉ ስንት ቀን አብሽቀውኛል።

ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤታችን ሩጫ ደረሰ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ ሶዶ ሄደው ይወዳደራሉ። መንገዱ ወደ ወንዙ ይወርድና ቀዩን ዳገት ወጥቶ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት እኔ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆሜ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አልቅሼ ነበር። አባቴም «ዘንድሮም ከቆምሽ ሩጫ የሚባል ነገር አበቃ፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እናትሽን ታግዣለሽ» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ ሲሳቅባት ማየት አልቻለም። እኔ ግን ያኔ፣ ሩጫ ቢቀርብኝ የእኔ የምለው ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም ነበር።

ለእቴቴ ነገርኳት። «ነይ ተቀመጪ፤ ዓይንሽን ጨፍኚና ሩጪ» አለችኝ።

«ቁጭ ብዬ?»

«እኔስ በየገበያው ቀን ቦዲቲ ደርሼ የምመለሰው በየትኛው እግሬ መሰለሽ?»

ጨፈንኩ። «አሁን የት ደረስሽ?»

«ወንዙን ተሻገርኩ።»

«አሁንስ?»

«ጨረስኩ! አንደኛ ወጣሁ! እያጨበጨቡልኝ ነው።»

እቴቴ ከት ብላ ሳቀች። «ዳገቱንስ ማን ወጣልሽ?»

ለካ በሐሳቤም ፈርቼው አልፌው ሄጃለሁ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ዳገቱን አስወጣችኝ። የማይታየኝ ቦታ ሲገጥመኝ ሩጫው እዚያው ይቆማል፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሄጄ አየዋለሁ። ጎርፍ የቦረቦረውን፣ እግር የሚያንሸራትተውን ጭቃ፣ ያለቀስኩበትን ጥግ ሳይቀር በዓይኔ ያዝኩት።

«እዚህ ጋ እግሬ ይቃጠላል» አልኳት አንድ ቀን።

«ይቃጠል። ምን ታደርጊያለሽ?»

«እርምጃዬን አሳጥራለሁ።»

«እጅሽስ?»

«ጉልበቴን አልይዝም።»

«እንዲያ በይ እንጂ!» አለችና ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረገችው።

የሩጫው ዕለት ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ቃጠሎው መጣ። መጣ፣ ግን እንግዳ አልሆነብኝም። እርምጃዬን አሳጠርኩ፤ ቦረቦሩን በግራ አለፍኩት፤ ጫፉ ላይ ስደርስ እንባዬ ሳይሆን ላቤ ነበር የሚወርደው።

ስድስተኛ ወጣሁ። ሶዶ የሚሄዱት ተለይተው ጭብጨባውም አልቆ ነበር። አባቴ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። «አልቆምሽም» ብቻ አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ለልምምድ ስነሳ ማለዳ ማለዳ ውሃ የምቀዳበትን ጀሪካን አባቴ ለታላቅ ወንድሜ ሲያስይዘው አየሁ። ወንድሜ እያጉረመረመ ወንዝ ወረደ፤ እኔም ሮጥኩ።

ሯጭ አልሆንኩም፤ ሶዶ ገብቼ ልጆች ወልጄ እኖራለሁ። የተማርኩትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባለቤቴ ታሞ የተኛበት ዓመት ግን፣ ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ስቆም፣ «ማርልኝ» ብቻ ብዬ አላበቃም ነበር። የሚከብደኝን ሁሉ አንድ በአንድ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፤ ደግፌ የማነሳውን፣ ምግቡን ሲመልስብኝ የምለውን፣ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ፊቴን የማደርግበትን። እቴቴ እንዳስለመደችኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳልዘል አልፍበታለሁ። ከዚያ አማትቤ ባለቤቴ ወደተኛበት እገባና ደግፌ አነሳዋለሁ።