የወንድሜ የሚቆራረጥ ጌም

ታላቅ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሆሳዕና ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩን እዚያ ሳለ ሆሳዕና አቅራቢያ ካለችው ከአንጋጫ ከሄደ አንድ ልጅ ጋር ነው የገጣጠሙት። ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ የሚያድሩትም ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። አንድ ቀን ዘራፊዎች መሣሪያ ይዘው ገቡና ጓደኛውን ገደሉት። ወንድሜ ተረፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠቅልሎ መጣ።

እቤት ብዙ አያወራም። እናታችን በሀዲይኛ ስታናግረው በአማርኛ አጠር አድርጎ ይመልስላታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ሲጸልዩለት አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ "አሜን" ይላል፣ ሸኝቷቸው ወደ ክፍሉ ይገባል። እዚያ ጌም ይጫወታል። ከባድ መኪና በተራራና በዝናብ ውስጥ የሚነዳበት፣ ኃይለኛ ኮምፒውተር የሚፈልግ ጌም ነው። ግን ይቆራረጣል። መኪናው ትንሽ ሄድ ይልና ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ዘሎ ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል። ወንድሜ ኪቦርዱን ገፍቶ ይነሣል፤ ተንጎራዶ ተንጎራዶ ተመልሶ ይቀመጣል። እንዲህ ሲል ይመሽለታል።

እኔ ቢሮ ውስጥ የምውለው ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገባሁና፣

"ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ልየው?" አልኩት።

"እይው። ድሮ እንዲህ አልነበረም" አለኝ።

መጀመሪያ የጌሙን የምስል ሴቲንግ ዝቅ አደረግሁ፤ ጥላውን አጠፋሁ፣ የዛፎቹንም ጥራት ቀነስኩ። ለውጥ የለም። በስልኬ ዳታ፣ የጌሙን ምስል ለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አዲስ ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ፤ ያው ነው። ሞቆት ይሆናል ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩና ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ጠረግሁ። የሰፈራችን መብራት ስለሚዋዥቅ ኃይል አንሶት ይሆናል ብዬም ከጎረቤት ስታቢላይዘር ተዋስኩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየው፣ በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ የሚያሳየው የፍሬም ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

"እዚያ ሳላችሁ ምን ታደርጉት ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እኔ አላውቅም። የሚያስተካክለው እሱ ነበር።"

ከመጣ ወዲህ ጓደኛውን ሲያነሣ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብዬ፣

"ስትመጣስ ማን ነቀለው?" አልኩ።

"ራሴ። በጥድፊያ ነቃቅዬ ጠቀለልኩት። እዚህም ገመዱን የገባልኝ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት።"

ከሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ዋናው ቦርድ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ገመዱን ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁትና ጌሙን እንደገና ከፈትነው። መኪናው ያለ አንድ መደናቀፍ ዳገቱን ወጣ።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ጥቂት ነድቶ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመና መስተዋቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያይ ጀመር።

"ልክ እንዲህ ነበር" አለ። "ሱቅ ስንዘጋ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ሆኖ ይቀልዳል። 'በርታ፣ አንጋጫ ልንገባ ነው' ይለኛል።"

ኪቦርዱን ገፋ አደረገና፣

"እናቱ ጋ ለቅሶ አልደረስኩም። ምን ብዬ ነው የምገባው?" አለኝ።

"አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት።

በሳምንቱ በሚኒባስ አንጋጫ ወረድን። ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ገበያው አካባቢ የጠየቅናት ሴት ራሷ ወሰደችን። እናትየው ከእንሰቱ መሐል እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። ወንድሜ ማን እንደሆነ ሲነግራቸው አላለቀሱም። ሁለት እጁን ያዙና፣

"ልጄ ሲሞት አጠገቡ ነበርክ?" አሉት።

"ነበርኩ፣ እማማ።"

"ተሠቃየ?"

ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው። "አልተሠቃየም" አላቸው።

እጁን ሳይለቁ ወደ ቤት አስገቡን። ቆጮ አቀረቡልን፤ ወንድሜ በግድ ጎረሰ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሆሳዕና እስክንገባ ድረስ አለቀሰ። ለእናትየው የነገራቸው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔም ልጠይቀው አልደፈርኩም።