የሙሽራ አፍና የሹፌሩ ጥርስ

ጋሪ ተራው ላይ ጥሩንባ የምትባል ሴት አለች። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ብዙ አላሰበም። ሴትዮዋ "ዞር በል!" ስትል መንገድ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ይላል። ፊት ለፊት "እትዬ" እንላታለን፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ጥሩንባ። እሷም ታውቃለች። "ጋሪ ጥሩንባ የለውም፤ ታዲያ ማን ይንፋለት?" ትላለች።

በወጣትነቷ አውቶቡስ መናኸሪያ ሻንጣ ትሸከም ነበር። እዚያው ከአንድ ሹፌር ጋር ስትጣላ ስትጣላ አገባችው። ሰውየው ዓይኑ ደክሞ መሪውን ሲያስረክብ እሷ ጋሪ ገዛች፤ ከጋሪው ጋር አንዲት ቡላ ባዝራ ፈረስ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ቤት ይውላል፣ ሚስቱ የሰው ዕቃ ታመላልሳለች። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ፍራሽ፣ አንዳንዴም ፍራሹ ላይ የተኛ ባለቤቱን። ገመዱን ራሷ ታስራለች፤ እሷ ያሰረችውን ለመፍታት ቢላዋ ያስፈልጋል።

እኔ የምሠራው ከተራው አጠገብ ነው። የጋሪ ፈረስ ማሰሪያ እሰፋለሁ፣ የተበጠሰ ዛብ እቀጥላለሁ፣ ልጓም እሸጣለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ራሷ ነግራኛለች፤ እሷ ለእኔ የምትነግረኝን ደግሞ መንገዱ ሁሉ ይሰማዋል።

ባዝራዋ ሙሽራ የተባለችው አንገቷን ደፍታ ስለምትሄድ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ሙሽራዋ ቀና አለች። ራሷን ወደ ሰማይ ትወረውራለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ምላሷን በጎን አውጥታ መንገደኛ ላይ የምታሾፍ ትመስላለች። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ የአዲስ ሙሽሮችን ባለመስታወት ቁም ሣጥን እንደጫነች እግሬ አውጪኝ አለች። ቁም ሣጥኑ ደረሰ። መስታወቱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ተራ አስከባሪው፣ ሰው ሲቀጣ ቀበቶውን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው፣ ቀበቶውን ከፍ አደረገ።

"እትዬ፣ ይሄን ይሁን ብለናል። ደግማ ከደነበረች ግን ከተራው ትወጣለች።"

ከተራ የወጣ ፈረስ መሄጃው አንድ ነው፤ ጡብ ማምረቻው። የዚያ ቤት ልጓም የተጠማዘዘ ሽቦ ነው። እዚያ ዓመት የቆየ ፈረስ አፉ አሮጌ ጫማ ይመስላል። የማምረቻው አለቃም ወሬ ሰምቶ መጥቶ የሙሽራን ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሄደ። ጥሩንባ በዓይኗ ሸኘችው። ምንም አላለችም፤ ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

የሙሽራን ከንፈር ገልጬ አየሁ። የድሮው ልጓም መሃሉ ላይ መጋጠሚያ አለው፤ መጋጠሚያው ተበልቶ ላልቷል፣ ዛብ በተሳበ ቁጥር ሥጋ ይቆነጥጣል። የከንፈሯ ጥግ ቆስሏል።

"ይሄ ልጓም አይደለም" አልኳት፤ "ጉጠት ነው።"

"እንግዲያው ለስላሳ ስጠኛ! ቁስሏ ሲድን የማስርላት። ለስላሳ፣ ምቹ፣ እኔ ብጎርሰው የማይቆጨኝ!"

በእኛ ተራ ለስላሳ ማለት ወፍራም ማለት ነው። ቀጭን ይቆርጣል፣ ወፍራም አይቆርጥም፤ በዚህ ተከራክሮ የሚያውቅ የለም። እኔም ካሉኝ ልጓሞች ወፍራሙን አወረድኩላት። እጅጌዋን ሰብስባ ብረቱን ክንዷ ላይ ጋደም አደረገችውና ሁለቱን ጫፎች አስያዘችኝ።

"ጎትት።"

"እትዬ፣ ኧረ ተይ…"

"ጎትት አልኩህ! ምን ያሽኮረምምሃል፣ ሽማግሌ አልላክሁብህ!"

ጎተትኩ። ክንዷ ላይ ምልክት እንኳ አልወጣም። ወሰደችው።

ሙሽራ ቁስሏ ድኖ ወፍራሙን ስትጎርስ ባሰባት። አፏን ከፍታ አልገጥም አለች፣ ለሃጯን እስከ ጉልበቷ አዝረበረበች። ጥሩንባ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከብስክሌት ጎማ የወጣ ላስቲክ ቆርጣ ብረቱን ጠቀለለችው። ይባስ ብሎ ጠመመች። ተራው በሙሉ የአፍ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ማር ቀቢው" ይላል፣ ሌላው "ላስቲኩን ደርቢበት" ይላል። ውሃ አመላላሹ ደግሞ "አፏን የምትከፍተው ልትመልስልሽ ነው፤ ፋታ ስጫት" አላት። በአለንጋው እጀታ ቂጡን አገኘችው።

በላስቲኩ ልጓም ፍራሽ ጭና ስትሄድ ሙሽራ እንደገና ደነበረችና ጋሪውን ቦይ አፋፍ ላይ አቆመችው። ተራ አስከባሪው ቆሞ ያይ ነበር።

"ፍራሽ ስለሆነ ነው የተረፍሽው። ቅዳሜ የመስታወት ቆራጩን ዕቃ ትጭኛለሽ። በወፍጮ ቤቱ በኩል። ከደረሰ ደረሰ። ካልደረሰ የጡቡ ሰውዬ እዚያው ይጠብቅሻል።"

እዚህ ላይ ሹፌሩ ይገባል።

ሹፌሩ በዚያው ሰሞን ሙሉ ጥርስ አሠርቷል፤ የላይም የታችም። ጥርሱ ግን አፉ ውስጥ ሳይሆን መስኮቱ ላይ፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ጥሩንባ በገባች በወጣች ቁጥር "ልትበላበት ነው ያሠራነው ወይስ እንዲያየን?" ትለዋለች። እሱ የተፈጨ ድንቹን ይውጣል። ባሏ መሪ ከለቀቀ ወዲህ ክርክርም ለቋል።

እሁድ ምሳ ላይ እሱ ድንቹን ይዞ፣ እሷ ልጓሙን ይዛ ተቀመጡ። ሁለተኛ ዙር ላስቲክ ትጠቀልላለች።

"ሌላ ላስቲክ?" አለ ሹፌሩ።

"እንዲለሰልስላት ነው።"

"ለእሷ አፍ ይሄን ሁሉ ትቀያይሪያለሽ። እኔን ግን አንቺና ጥርስ ሠሪው ልመደው አላችሁኝ።"

"አንተ ጋሪ አትጎትትም።"

"ባልጎትትስ፣ አፍ የለኝም?"

"ምኑ ነው የጎረበጠህ? በጣቴ ዳብሼዋለሁ እኮ፤ እንቁላል ነው የሚመስለው!"

ሹፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አንቺ በጣትሽ ዳበስሽው። አፉ የእኔ ነው። አይወጋኝም፣ አይቆርጠኝም። ቦታ ነው የሚነሳኝ! ምላሴን የት ላድርጋት? ኪሴ ውስጥ?"

ጥሩንባ እጇ ላስቲኩ ላይ ቆመ።

"ደግመህ በለው።"

"ይቅርታ" አለ ሹፌሩ።

"ይቅርታ በል አልኩህ? ደግመህ በለው ነው ያልኩህ!"

ደገመው። ተነስታ አገጩን ያዘችና አፉን አስከፈተችው፤ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ከነአፍ መጥረጊያው ወደ ጓሮ ጎተተችው፤ ሙሽራን እንዲይዝላት።

የባዝራዋን አፍ በጎን ከፍታ ጣቷን አስገባች። ፈረስ ፊት ጥርሱና መንጋጋው መካከል ባዶ ድድ አለው፤ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው። የሙሽራ ምላስ ግን ወፍራም ነው፤ አልፎ ድዱ ላይ ተኝቷል። ላንቃዋም ዝቅ ያለ ነው። አንድ ጣት ገባ፣ ሁለተኛው ግድግዳ አገኘ። እዚያ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ብረት መክተት በሞላ አውቶቡስ ውስጥ ሶፋ ማስገባት ነው። ይሄን ያለው ሹፌሩ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ሰኞ ጠዋት ገና ሱቄን ሳልከፍት ድምፅዋ ቀድሟት ደረሰ። "አንተ ቆዳ ሰፊ! ወፍራም ወፍራም እያልክ አፈንካት እኮ!"

ሲባጎ ይዤ ተከተልኳት፤ ሲባጎውን በሙሽራ አፍ ውስጥ አሳልፈን በሁለቱም የከንፈር ጥግ በኩል ቋጠርን፣ ለመፈናፈኛ ትንሽ ጨመርንበት። ልኩን ይዘን ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድን። የምትፈልገውን ነገረችው፤ ከትንሽ ጣቷ በጥቂት የሚወፍር፣ መጋጠሚያ የሌለው፣ መሃሉ ላይ ምላስ እንዲያልፍ ቀስ ብሎ የጎበጠ። ቀጥቃጩ ሠራው። እሷ አሮጌ የናይለን ካልሲ አውጥታ ብረቱን ከጫፍ ጫፍ ፈተገችው። ካልሲው አንድ ቦታ ያዘ።

"ሞርደው።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ አይታይም።"

"አንተ ዘንድ አይታይም። እሷ ልትጎርሰው ነው። ሞርደው!"

ሞረደው። ካልሲው ሳይዝ እስኪያልፍ ድረስ ሦስቴ መለሰችለት። ተራው ልጓሙን ሲያይ ጉድ አለ። "ቀጭን?" አለ ውሃ አመላላሹ፤ "ቂም ያዝሽባት እንዴ?"

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ነበር። ጥሩንባ ልጓሙን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ትኩሳት እንደምትለካ ሰው ክንዷን አጣብቃ መጣች። ብረቱ ሲሞቅ አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ አቀረበችላት። ሙሽራ አሸተተችው፣ አሰበች፣ ጎረሰችው። ማሰሪያውን እኔ ለካሁ፤ የከንፈሯ ጥግ ትንሽ ሸብሸብ ብሎ እስኪታይ አጠበቅሁና አቆምኩ። ሙሽራ ቆርጠም ቆርጠም አደረገችው። ምላሷ አልወጣም።

መስታወቱ በፍራሽ ተከልሎ ቆሞ ታሰረ። ቆራጩ ሕፃን ሊወድቅበት እንደሆነ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላ ይከተላል። ተራ አስከባሪው ከነቀበቶው በጎን። የጡቡ ሰውዬ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ገመድ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ቆሟል፤ ገመድ ይዞ መምጣቱ ነው ያናደደኝ።

ልክ ስንደርስ የወፍጮው ሞተር እንደ ጥይት ጮኸ። ሙሽራ ቀጥ አለች። ጆሮዋ ቆመ፣ አንገቷ ተነሳ። ሁላችንም የጥሩንባን ጩኸት ጠበቅን። እሷ ግን ዛቡን ላላ አደረገችና፣ አጠገቧ ሆኜ እንኳ በግድ ሰማኋት፣ "ነይ እናቴ፣ ነይ እሺ" አለች። ተራው ሴትዮዋ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳላት ያወቀው ያን ቀን ነው። ሙሽራ አፏን ገጥማ ብረቱን አላመጠች፣ አንገቷን ደፋች፣ ሄደች።

መስታወቱ ሳይነካ ወረደ። የጡቡ ሰውዬ ገመዱን ወደ ኪሱ ሊያስገባ ሞክሮ አልገባለትም፤ እንደያዘው ሄደ። ተራ አስከባሪው ግን ዝም ብሎ መሄድ አይወድም።

"ይሁን፣ ትቀመጥ። የግራ ጎማሽ ግን ይጮኻል።"

"ባለቤቱን መስሎ ነው" አለችው።

ወደ ተራው ስንመለስ ሹፌሩ ይጠብቃል። ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሯል። ማንንም ሳያናግር ጋሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ጥሩንባም ማንንም ሳታናግር ወደ ጥርስ ሠሪው ነዳችው። ጥርስ ሠሪው "የተሠራው በልኩ ነው፤ ይለመዳል" ሲል የመለሰችለትን እኔ ሱቄ ሆኜ ሰማሁ። "ምላሱን የት ያድርጋት? ኪሱ ውስጥ?" ሰውየው የውስጡን ጎን ሞረደለት። ካልሲዋንም ይዛ ሄዳ ነበር።

አሁን ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። ሹፌሩ ጥርሱን አጥልቆ ሥጋ ይበላል፣ የከረመ ክርክሩን ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ባለፈው ጥሩንባ ተበሳጭታ ሱቄ በር ላይ ቆመች።

"ባዝራይቱ ዝም አለች፣ እሱ ጀመረ! ለእሱ የሚሆን ልጓም የለህም?"

"ቀጭን ነው ወፍራም?" አልኳት።

"ወፍራም! ከነላስቲኩ!"